ከአጥንቱ ሌላ ምን በሉ?

የድንጋይ ዘመን ሰው ምን ይበላ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «ሥጋ» ይላችኋል። ጦር የያዘ ጠጉራም ወንድ፣ ከፊቱ የወደቀ ማሞዝ (ዛሬ የጠፋው ጠጉራም ዝሆን)፣ ከጀርባው የሚነድ እሳት። ይህን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። የአመጋገብ ምክር የሚሰጡ ሰዎችም እሱን ይዘው «ሰውነታችን የተሠራው ለሥጋ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከተቃራኒው ጥግ ተነሥተው ሰው ከጥንትም ቅጠል በል ነበር ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለኝ ባይ ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ስከታተለው ቆይቻለሁ። የሥራዬ ጉዳይ አይደለም፣ ነገሩን ስለምወደው ብቻ ነው። ካነበብኩት ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ስለ ጥንቱ ሰው ምግብ የምናወራው ታሪክ በአብዛኛው የተወሰነው ሰዎቹ በበሉት ሳይሆን፣ ከበሉት ውስጥ ሳይበሰብስ በቀረው ነው። ይሄ ሲታወቅ ብዙ ክርክር ይቀላል።

እስቲ አስቡት። ከ50,000 ዓመት በፊት ጥቂት ሰዎች ዋሻ አፍ ላይ ተሰብስበው ራት በሉ እንበል። ሚዳቋ ገድለዋል፣ ሥራ ሥር ቆፍረው ጠብሰዋል፣ ፍራፍሬና ቅጠል ለቅመዋል፣ ትንሽ ማርም ቀምሰዋል። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። የሚዳቋው አጥንት አፈሩ ከተስማማው ለአሥር ሺዎች ዓመታት ይቆያል። ቅጠሉ ግን ወር አይሞላውም። የፍራፍሬው ልጣጭም እንደዚያው። ማሩማ ምኑ ይተርፋል? ዛሬ መጥታችሁ ዋሻውን ስትቆፍሩ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የሚዳቋ አጥንት ነው፣ እናንተም «አዳኞች ነበሩ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ውሸት አይደለም። ግን ከራቱ ግማሹ እንኳን አይሆንም።

ዕፅዋት የሚተርፉበት ዋናው መንገድ እሳት ነው። እህሉ ወይም ሥሩ ምድጃ ውስጥ ወድቆ አመድ ሳይሆን ከሰል ሆኖ ከቀረ፣ ተሐዋስያን አይበሉትም። ስለዚህ የምናገኘው የተበላውን ሳይሆን ሳይበላ የተረሳውን ነው፣ ከእጅ ያመለጠውን፣ ያረረውን። የቀረው በሙሉ ሆድ ገብቶ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ችግር የእኛው ነው። ድሮ ቁፋሮ ሲደረግ ዓይን የሚገባው በእጅ ይለቀማል፣ የቀረው አፈር ይደፋል። ትልቅ አጥንት ይታያል። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል የከሰለች ዘር ግን ማን ያያታል? የዓሣ አጥንትም ቢሆን በሰፊ ወንፊት ሾልኮ ይሄዳል። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርኪዮሎጂስቶች አንድ ቀላል ዘዴ በሰፊው መጠቀም ጀመሩ። አፈሩን ውኃ ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ ድንጋዩና ጭቃው ይሰምጣል፣ የከሰለው ዘር ግን ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል። እሱን በጣም ጠባብ በሆነ ወንፊት ታጠልለዋለህ። በቃ። ይህ ብቻ ስለ ጥንቱ ምግብ የምናውቀውን ነገር ከመሠረቱ ለወጠው። ከዚያ በፊት የተደፋውን አፈር ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሁሉም ነገር ሲሟላ ምን እንደሚገኝ ማየት የፈለገ ሰው ኦሃሎ 2ን ይመልከት። ቦታው የገሊላ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። በ1989 ድርቅ ሆኖ የሐይቁ ውኃ በጣም ሲወርድ፣ ከ23,000 ዓመት በፊት ሰዎች የሠፈሩበት መንደር ብቅ አለ። ከቅርንጫፍ የተሠሩ ስድስት ጎጆዎች ነበሩ። ጎጆዎቹ ተቃጥለው ወዲያው ውኃና ደለል ሸፈናቸው። ኦክስጅን ስላልደረሰባቸው ሳይበሰብሱ ቀሩ። የተገኘው ነገር ለማመን ይከብዳል። ከ140 በላይ ዝርያ ያላቸው ዕፅዋት፣ የዱር ገብስ፣ የዱር ስንዴ፣ ደቃቅ የሣር ዘሮች፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ አልሞንድ፣ ወይን፣ በለስ። ብዙ የዓሣ አጥንት። የሚዳቋ፣ የወፍ።

ከጎጆዎቹ በአንዷ ወለል ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተተክሎ ተገኝቷል። ላዩ ላይ የቀረችው ስታርች በማይክሮስኮፕ ስትመረመር የገብስ ናት። የበለጠ የሚገርመኝ ግን ዘሮቹ የተበተኑበት ሁኔታ ነው። ተመራማሪዎቹ ወለሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው እያንዳንዷን ቅንጣት ከየት እንደተነሣች መዝግበዋል። የእህሉ ዘር የተከማቸው በድንጋዩ ዙሪያ ነው። የባልጩት ፍቅፋቂው ደግሞ ሌላ ጥግ፣ ወደ በሩ አካባቢ ነው። አንዱ ብርሃን ወዳለበት ተጠግቶ ድንጋይ ይጠርባል፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ይፈጫል። ወለሉ ላይ ለመኝታ የተነጠፈ ሣር እንኳን አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ግብርና ከመጀመሩ ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መንደሩ ባይቃጠልና ውኃው ቶሎ ባይሸፍነው ኖሮ የሚተርፈን ድንጋይና አጥንት ብቻ ነበር፣ እነዚህንም ሰዎች «ሚዳቋ አዳኞች» ብለን እናልፋቸው ነበር።

ኦሃሎ 2 ብቻውን አይደለም። እዚያው አካባቢ ጌሸር በኖት ያዕቆብ የሚባል ውኃ ያደረበት ቦታ አለ፣ ዕድሜው 780,000 ዓመት ነው። እዚያ ለምግብ የሚሆኑ 55 ዓይነት ዕፅዋት ተለይተዋል። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ የእኛ ዝርያ ገና አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ፣ ቦርደር ኬቭ በተባለ ዋሻ ደግሞ ከ170,000 ዓመት በፊት አመድ ውስጥ ተጠብሰው የከሰሉ ሥራ ሥሮች ተገኝተዋል። ሥራውን የመሩት ሊን ዋድሊ ትኩረት የሰጡት ነገር አለ። ሥሮቹ ሜዳ ላይ ተቆፍረው እዚያው አልተበሉም፣ ወደ ዋሻው ተሸክመዋቸው መጥተዋል። ለሌላ ሰው ነዋ! ለሽማግሌ፣ ለልጅ፣ ለቀረ ሰው። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም «ማካፈል» ሲባል ሁልጊዜ የሚነሣው የታደነ ሥጋ ነበር።

ይህን ስል ሥጋውን ማናናቄ አይደለም። የሥጋው ማስረጃ ጠንካራ ነው፣ በጣም ጥንታዊም ነው። አፋር ውስጥ ቡሪ በተባለው ቦታ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእንስሳት አጥንቶች ላይ በድንጋይ ስለት የተቆረጠበት ምልክት አለ። ምልክቱን የአውሬ ጥርስ ከሚተወው ጭረት መለየት ይቻላል፣ የስለቱ ጭረት ጠባብና ሹል ሆኖ ውስጡ ደቃቅ መስመሮች አሉት። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም አንድ አጥንት ላይ ይገኛሉ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንዳረፈ ታይቶም ሰው ቀድሞ ደርሶ እንደሆነ ወይስ ከአውሬ የተረፈውን እንደለቀመ ለማወቅ ይሞከራል።

ግን የሥጋው ታሪክም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አዳኞቹ በጣም የሚፈልጉት ቀይ ሥጋውን ሳይሆን ስቡን ነበር። ሰው ቀይ ሥጋ ብቻ በልቶ መኖር አይችልም። ጉበታችን ከፕሮቲን የሚመጣውን ትርፍ ናይትሮጅን ለማስወገድ ያለው አቅም ውስን ነው፣ ከቀን ጉልበታችን ሲሶ ገደማው ከፕሮቲን ከመጣ ወሰኑ ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ያቅለሸልሻል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ እየበሉ መራብ ይሆናል፣ ሲቆይም ይገድላል። የቀረውን ከስብ ወይም ከዕፅዋት ማግኘት ግድ ነው። ጀርመን ውስጥ ኖይማርክ ኖርድ የሚባል የሐይቅ ዳርቻ አለ። ከ125,000 ዓመት በፊት ኒያንደርታሎች (የጠፉ የቅርብ ዘመዶቻችን የሆኑ የጥንት ሰዎች) ቢያንስ የ172 ትልልቅ እንስሳትን አጥንት፣ ፈረሱን፣ አጋዘኑን፣ የዱር ከብቱን፣ አንድ ቦታ እያመጡ በጣም አድቅቀውታል። መቅኑን ለማውጣት ከሆነ ሁለት ቦታ መስበር ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ስፖንጅ መሰሉን የአጥንት ጫፍ ሳይቀር ከትክተዋል፣ ይህ የሚደረገው አጥንቱን በውኃ ቀቅሎ የሚንሳፈፈውን ስብ ለመግፈፍ ነው። በ2025 የወጣ ጥናት ነው። ኒያንደርታልን ሥጋ ቦጫቂ ብቻ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ማንበቡ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች) ልምጣ፣ ምክንያቱም የኢንተርኔቱ ክርክር የሚጋጋለው እዚህ ላይ ነው። አጥንት ውስጥ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። ኮላጅኑ ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅን አለ፣ ቀላሉም ከባዱም። ሣር ከሚበላው ወደ ሣር በሉን የሚበላው ባለፋችሁ ቁጥር የከባዱ ናይትሮጅን መጠን በሺህ ከ3 እስከ 5 ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ የአንድ ሰው አጥንት ሲለካ ሰውየው ከበሊታዎቹ መካከል የት ላይ እንደቆመ ይነግራል። የአውሮፓ ኒያንደርታሎች ሲለኩ ከፍ ያለ ቁጥር መጣ፣ አንዳንዶቹ ከጅብና ከተኩላ እኩል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ። «ይኸው! ከአንበሳ የባሱ ሥጋ በሎች» ተባለ።

ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ኮላጅን በዋነኛነት የሚመዘግበው ፕሮቲኑ ከየት እንደመጣ ነው። ስታርችና ስኳር ፕሮቲናቸው ትንሽ ስለሆነ እምብዛም አሻራ አይተዉም። አንድ ሰው ግማሽ ጉልበቱን ከሥራ ሥር እያገኘ አጥንቱ ግን ሥጋ በሊታ ሊያስመስለው ይችላል። ሁለተኛ፣ በ2025 አንድ ቡድን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል። ተቀምጦ የቆየ ሥጋ ላይ የሚፈለፈሉ የዝንብ ትሎች ናይትሮጅናቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። ኒያንደርታሎች ያከማቹትን ሥጋ ከነትሉ ይበሉ ከነበረ ያ ቁጥር ያን ያህል ሰማይ የነካው ለምን እንደሆነ ይገባናል። ለእኛ ይቀፍ ይሆናል። ለእነሱ ግን ስብ ነው፣ ፕሮቲን ነው፣ ለማግኘትም ድካም የለውም። እኔ ሐሳቡ ያሳምነኛል።

አይሶቶፕን ከሌላ ማስረጃ ጋር ያጣመሩት ጥናቶች ናቸው የበለጠ የሚነግሩን። ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት የሚባል ዋሻ አለ፣ ከ15,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች የተቀበሩበት። ጥርሳቸውን ያየ ሰው ይደነግጣል። በ2014 በታተመው ጥናት መሠረት ከአዋቂዎቹ ጥርስ 51.2 በመቶው ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለ ቁጥር ለገበሬ ማኅበረሰብ እንጂ ለአዳኝና ለቃሚ አይጠበቅም ነበር። ምክንያቱ ዋሻው ውስጥ ተገኝቷል፣ የከሰለ የኦክና የፓይን ፍሬ። ስታርች የበዛበት፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ምግብ ነው፣ ሊከማችም ይችላል። በ2024 ደግሞ ሌላ ቡድን የዚንክንና የሌሎችንም ንጥረ ነገሮች አይሶቶፕ ለካ፣ ከሚበሉት ፕሮቲን እንኳን ሰፊ ድርሻ የያዘው ከዕፅዋት የመጣው መሆኑን አገኘ። አንድ ሕፃን ከዓመቱ በፊት ጡት መተው ጀምሮ በዕፅዋት ምግብ ሲመገብ እንደነበርም ጥርሱ ተናግሯል። ገበሬዎች አልነበሩም። አንድም ዘር አልዘሩም። የዱር በግም ያድኑ ነበር። ግን የጥርስ ሕመም ሌሊቱን ያስለቀሳቸው ሰዎች ነበሩ፣ ይህን ሳስብ በጣም ይቀርቡኛል።

የፔሩ አንዲስ ተራሮችም እንዲሁ ናቸው። ዊላማያ ፓትክስሃና ሶሮ ሚካያ ፓትክስሃ በተባሉ ሁለት ቦታዎች ከ9,000 እስከ 6,500 ዓመት በፊት የተቀበሩ 24 ሰዎች ተመረመሩ። ቦታዎቹ በጦር ጫፍና በዱር እንስሳት አጥንት የተሞሉ ናቸው። ማንም ሰው አዳኞች ናቸው ይላል፣ ተመራማሪዎቹም የጠበቁት ይህንኑ ነበር። ውጤቱ ተገለበጠ። ከምግባቸው 80 በመቶ ያህሉ ዕፅዋት፣ 20 በመቶው ሥጋ። ዋናው ምግባቸውም የዱር ድንችን የመሰለ ሥራ ሥር ሳይሆን አልቀረም። እዚያው ዊላማያ ፓትክስሃ ላይ በ2020 ይፋ የሆነች አንዲት ወጣት ሴትም አለች፣ ከነሙሉ የአደን መሣሪያዋ የተቀበረች። ወንዱ ያድናል ሴቷ ትለቅማለች የሚለው ነገርም ስለዚህ ያን ያህል የተቆለፈ አልነበረም።

ታዲያ ሁሉም ዕፅዋት በል ነበር ማለት ነው? ኧረ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ከ12,800 ዓመት በፊት ገደማ የሞተ ሕፃን አለ። ጡት የሚጠባ ስለነበር የእሱ አይሶቶፕ የእናቱን ምግብ ይናገራል። በ2024 ተለክቶ ከእናቲቱ ምግብ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው የማሞዝ ሥጋ እንደሆነ ተገመተ። ማሞዝ የሞላበት ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ብትኖሩ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ባለው ነው መኖር።

ባለው ስለመኖር ካነሣን የባሌ ተራሮች ላይ ያለው ፊንጫ ሐበራ ዋሻ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ አየሩ የሳሳ፣ ቅዝቃዜው አጥንት ሰርስሮ የሚገባ፣ በረዶ ግግር በቅርብ የነበረበት ቦታ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። የበሉት በዋናነት ምን መሰላችሁ? ፍልፈል። ትልቁን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ነው የበሉት፣ የአጥንቱ ክምርና የእሳቱ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጦር አያስፈልግም፣ ጀግንነት አያስፈልግም፣ ጉድጓዱን ማወቅና መጠበቅ ነው። ወደ ቆላው ስትወርዱ ደግሞ መተማ አካባቢ የሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች አሉ። በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አየሩ ደረቀ፣ እነሱም ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ በብዛት ወደ መብላት ዞሩ። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ደጋው ፍልፈል፣ ቆላው ዓሣ። የቱ ነው እንግዲህ «የአባቶቻችን አመጋገብ»?

በቅርብ ጊዜ ከመጡት ማስረጃዎች እኔ ልቤን የሰጠሁት ለጥርስ ታርታር ነው። ጥርሱን የማይፍቅ ሰው ጥርስ ላይ የሚጋገረው ያ ቢጫ ነገር በሕይወት እያለን ነው ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው። ሲደድር አፍ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ይዞ ነው፣ የስታርች ቅንጣት፣ የጭስ ብናኝ፣ ባክቴሪያ። በ2011 ኢራቅ ሻኒዳር ዋሻና ቤልጂየም ስፓይ ዋሻ ከተገኙ ኒያንደርታሎች ጥርስ ላይ ተፍቆ ሲታይ የሣር ዘርና የሥራ ሥር ስታርች ወጣ። አንዳንዱ ቅንጣት አብጦና ቅርፁን ለውጦ ነበር፣ ያ የሚሆነው ሲበስል ነው። «ከአንበሳ የባሱ» የተባሉት እነዚሁ ሰዎች የበሰለ እህል በልተዋል። እዚያው ሻኒዳር 70,000 ዓመት ባስቆጠረ የአፈር ድርብርብ ውስጥ ከተለያዩ ጥራጥሬዎች የተሠራ ያረረ የምግብ ፍርፋሪ ተገኝቷል፣ በ2022 ነው የታተመው። ጥራጥሬው ምሬቱ እንዲቀንስ ሳይዘፈዘፍ አልቀረም፣ ከዚያም ተወቅጧል። ይህ እንግዲህ ወጥ መሥራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ወፍጮውም እንደ ጥርሱ ነው። ጣልያን፣ ሩሲያና ቼክ ውስጥ የተገኙ 30,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ መፍጫ ድንጋዮች ላይ የስታርች ቅሪት አለ፣ ከነሱም መካከል የፊላ ሥር ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ግን ድንጋይ ከቁፋሮ እንደወጣ በብሩሽና በውኃ ጥርት አድርጎ ማጠብ ነበር ልማዱ፣ ለሙዚየም እንዲያምር። ጥርሱም ታርታሩ ተፍቆ ይጸዳል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ቆሻሻ ነው ብለው ያጠቡት ነገር ምግቡ ነበር።

ገና ያላየነው ብዙ አለ። ነፍሳት፣ ማር፣ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቅጠላ ቅጠል። ስፔን ውስጥ ኤል ሚሮን ዋሻ የተገኙ ሰዎች ታርታር ውስጥ ከ18,000 ዓመት በፊት ገደማ የተበላ እንጉዳይ ደቃቅ ዘር ተገኝቷል። እንጉዳይ እኮ ነው! አጥንት የለው፣ ልጣጭ የለው፣ ከሰል አይሆን። ማንም ሊያገኘው የሚችል አይመስልም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ጠንቃቃ አርኪዮሎጂስቶች አንድን ዋሻ ሙሉ በሙሉ የማይቆፍሩት። የአፈሩን አንድ ክፍል እንዳለ ይተዉታል፣ ከድንጋዮቹም ጥቂቱን ሳያጥቡ ከነአቧራው ያስቀምጣሉ፣ ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ሰው።